አኜስ ቫርዳ ለፊልሞቻቸው ገንዘብ ከየት ያገኙ ነበር?

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊቷ ኢንዲፔንደንት ዳይሬክተር አኜስ ቫርዳ ያለ ማንም ድጋፍ ከስድሳ ዓመት በላይ ፊልም እንደ ሠሩ ሰምቻለሁ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር? ፊልም ለመማር እየተዘጋጀሁ ስለሆነ ብታብራሩልኝ እወዳለሁ።
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አኜስ ቫርዳ እ.ኤ.አ. በ1928 ብራስልስ ውስጥ ከግሪካዊ አባትና ከፈረንሳዊት እናት ተወለዱ። የፊልም ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሙያቸው ፎቶግራፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያ ፊልማቸውን «ላ ፑዋንት ኩርት»ን በአንድ የደቡብ ፈረንሳይ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ለመቅረጽ ሲነሡ፣ ገንዘብ የሚያወጣ ፕሮዲውሰር ደጅ ከመጥናት ይልቅ ታማሪስ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ተዋንያኑና ባለሙያዎቹም ደመወዝ በመቀበል ፈንታ የፊልሙ ባለድርሻ ሆነው ሠሩ። ኤዲት ያደረገላቸው በኋላ በዳይሬክተርነት ስመ ጥር የሆነው አለን ሬኔ ነው። ፊልሙ የተሠራው ከመንግሥት የፊልም ማእከል የፈቃድ ሥርዓት ውጭ ስለ ነበር በሰፊው ሊሠራጭ አልቻለም፤ ይሁን እንጂ «አዲሱ ማዕበል» ለተባለው የፈረንሳይ ሲኒማ እንቅስቃሴ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ ይቆጠራል።

በእኛ እምነት የሥራ ዘመናቸው ቁልፍ ያለው በዚያ ድርጅት ላይ ነው። በኋላ ሲኔ ታማሪስ የተባለው ይኸው ድርጅት የፊልሞቻቸውን መብት በእጁ ስለ ያዘ፣ የቆዩት ሥራዎች እየታደሱ ዳግም ለገበያ መቅረብ ችለዋል። «ያለ ማንም ድጋፍ» የሚለው ግን መታረም አለበት። በፈረንሳይ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ ተመልሶ ለፊልም ሥራ ይውላል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ እርሳቸውም ከሁለቱም ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት አገር የእርሳቸውን መንገድ እንዳለ መከተል አዳጋች መሆኑን ልንደብቅዎ አንፈልግም።

ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን እጥረትን የፊልሙ ቅርጽ ማድረጋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሕፃን ልጅ ይዘው ከቤት መራቅ ባልቻሉበት ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከቤታቸው ስበው፣ ገመዱ እስከ ደረሰበት ድረስ ያሉትን የሰፈራቸውን የፓሪሱን የዳጌር ጎዳና ባለሱቆች፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሥጋ ሻጩንና ልብስ ሰፊውን ቀረጹ፤ ከዚህም «ዳጌሬዮቲፕ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1985 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ ወርቃማ አንበሳን፣ ካሸነፉ በኋላም እንኳ በአነስተኛ መሣሪያ መሥራትን አልተዉም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው፣ ከአዝመራ በኋላ የተረፈውን ስለሚቃርሙ ሰዎች በሚናገረው ፊልማቸው፣ በአንድ እጃቸው ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ይዘው ሌላውን ያረጀ እጃቸውን ቀርጸዋል። ትልቅ የቀረጻ ቡድን ቢያሰልፉ ኖሮ ይህን የመሰለ ቅርበት ባልተገኘም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የክብር ኦስካር ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በ90 ዓመታቸው አረፉ። ሥራዎቻቸውን ማየት ሲጀምሩ ከቃራሚዎቹ ፊልም ይነሡ፤ በአነስተኛ መሣሪያ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እርሱ ነው።