ሹመት ሲመጣላችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት። «ትልቅ ኃላፊነት ልሰጥህ ነው ተባልኩ፤ ልቀበል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። የአማዴዮን ሕይወት ልንገራችሁ።

ስሙን ከአምባላጌ ታውቁት ይሆናል። እዚያ እጁን የሰጠው የአኦስታው መስፍን የልጅ ልጁ ነው። እኔ የምላችሁ አያትየውን ነው። የጣሊያን ንጉሥ የዳግማዊ ቪቶርዮ ኢማኑኤል ሁለተኛ ወንድ ልጅ፣ በአድዋ ዘመን ጣሊያን ላይ የነገሠው የኡምቤርቶ ታናሽ ወንድም። በ1845 እ.ኤ.አ. ቱሪን ተወለደ። ዙፋኑ የወንድሙ ስለሆነ ወታደር ሆነ፤ በ1866 ከኦስትሪያ ጋር በተደረገው የኩስቶዛ ጦርነት ላይ ቆሰለ።

በ1870 የስፔን ምክር ቤት በ191 ድምፅ ንጉሥ አድርጎ መረጠው። ነገሩን ያመቻቸው የስፔኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄኔራል ፕሪም ነበር። አማዴዮ ስፔን ሲደርስ ግን ፕሪምን በጥይት ገደሉት። ወጣቱ ንጉሥ ማድሪድ እንደገባ አቶቻ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የጠራው ሰው አስከሬን ፊት ቆመ። ገና 25 ዓመቱ ነው!

ስለዚህ ሥራ ስትቀበሉ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። የጠራችሁ ሰው ነገ ባይኖር ማን አብሯችሁ እንደሚቆም አጣሩ። አማዴዮ ሌላ ሰው አልነበረውም። ፓርቲዎቹ እርስ በርስ ይናከሱ ነበር፤ መኳንንቱም አገለሉት።

ሚስቱን ማሪያ ቪቶሪያንም ባዕድ ናት ብለው ፊት ነሷት። እሷ ግን ቤተ መንግሥት ተቀምጣ አላለቀሰችም። እናቶች ማንዛናሬስ ወንዝ የሰው ልብስ ሲያጥቡ ልጆቻቸው የሚውሉበት ቤት አቋቋመች። ከቤተሰቡ ሁሉ እኔ የማከብራት እሷን ነው። የማይወዷችሁ ሰዎች መሀል ብትገቡ እንደ እሷ የሚጠቅም ሥራ ፈልጋችሁ ያዙ።

በ1872 ባልና ሚስቱ በሠረገላ ሲሄዱ ተተኮሰባቸው፤ ለጥቂት ተረፉ። በየካቲት 1873 አማዴዮ ዙፋኑን ለቀቀ። ለምክር ቤቱ በላከው መልእክት፣ ጠላቶቹ የውጭ ሰዎች ቢሆኑ ጦሩን እየመራ እንደሚዋጋ፣ የሚጋደሉት ግን ስፔናውያን ራሳቸው እንደሆኑ ገለጸ። ሦስተኛ ልጁ ሉዊጂ ያኔ የሁለት ሳምንት ጨቅላ ነው። አድጎ የዋልታ በረዶና የኬ ቱ ተራራ አሳሽ የሆነው፣ በኋላም የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ያጠናው እሱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ከያዛችሁት ወንበር መውረድ ሞት ይመስላችኋል። አማዴዮ ንጉሥ መባሉ ቀርቶ ቱሪን ተመለሰ፤ እንደገና የአኦስታ መስፍን ተባለ። በ1890 በ44 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በአገሩ ጦር ውስጥ አገለገለ።