ፋኑ 4 ላይ ብቻ ይነፍሳል፣ የሙቀቱ ማዞሪያም ላልቷል

የመኪና ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መኪናዬ የቆየች ናት። ማሞቂያዋ ሦስት ክብ ማዞሪያዎች አሉት፤ አንዱ ለፋኑ፣ አንዱ ለሙቀቱ፣ አንዱ አየሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ለመምረጥ። ከወር በፊት ፋኑ 1፣ 2 እና 3 ላይ መሥራት አቆመ። 4 ላይ ሳደርገው ግን እንደ ድሮው በኃይል ይነፍሳል። እሱን ችዬ እየነዳሁ ሳለ አሁን ደግሞ የሙቀቱ ማዞሪያ ላላብኝ። ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ምንም አይከብደኝም፤ የሚመጣው አየርም ቀዝቃዛ ብቻ ነው። አንድ መካኒክ ምንም ሳይፈታ ቆሞ አየውና «ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት፣ መቆጣጠሪያውም ሙሉ በሙሉ ይቀየራል» አለኝ። እኔ ካቻቪቴ መያዝ አይከብደኝም፤ የቤቴን ሶኬት ራሴ ነኝ የምቀይረው። ቤቴ ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሞክሪው እህቴ። «አንቺ» እያልኩ ስጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ሶኬት የምትቀይሪ ሰው ከሆንሽ ይሄ ከአቅምሽ በላይ አይደለም። እንዲያውም ደብዳቤሽ የምርመራውን ግማሽ ጨርሶልኛል።

«4 ላይ ይሠራል» ያልሽው ነገር ትልቅ ነው። በእንዲህ ዓይነት መኪና የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ማዞሪያው ራሱ አይደለም። መሀል ላይ ሬዚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ የተጠመጠሙ ሽቦዎች ያሉት። 1 ላይ ስታደርጊው መብራቱ በሁሉም ጥምጥሞች ውስጥ ያልፋል፣ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ፋኑም ቀስ ይላል። 2 እና 3 ላይ የሚያልፍበት ጥምጥም እያነሰ ይሄዳል። 4 ላይ ግን ሬዚስተሩን ጭራሽ ሳይነካ በቀጥታ ፋኑ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ 4 እየሠራ ሌሎቹ ከሞቱ ፊውዙ ደህና ነው፤ ፋኑም አልተቃጠለም። የተበላው ሬዚስተሩ ወይም እሱ ላይ የሚሰካው ሶኬት ነው። ለዚህ ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች ዳሽቦርድ አይወርድም። ሬዚስተሩ የሚገኘው ፋኑ አጠገብ ነው፤ ብዙ ጊዜ በተሳፋሪው በኩል፣ ከወረቀት መያዣው ኪስ ጀርባ።

ከመፍታትሽ በፊት ግን ስለ ቅዝቃዜው አንድ ነገር አረጋግጪ። የመኪና ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትንሽ ራዲያተር አለች። የሞቀው ኩላንት፣ ማለትም ያው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ በሁለት የላስቲክ ቱቦ ገብቶ ይወጣል፣ ፋኑ በእሷ ላይ ይነፍሳል፣ አንቺ ጋ ሙቅ አየር ይመጣል። እናም መኪናዋን ንጅና በደንብ ትሙቅ። ሞተሩን አጥፊ፣ ኮፈኑን ክፈቺ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ የሚገቡትን ሁለቱን ቱቦዎች ፈልጊ። በእጅሽ ጀርባ ነካ አድርገሽ ቶሎ አንሺ፤ ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ። ሞተሩ ቢጠፋም የራዲያተሩ ፋን በራሱ ሊነሳ ስለሚችል እጅሽንም ሻርፕሽንም ከእሱ አርቂ።

ሁለቱም ቱቦ የሚያቃጥል ከሆነ የውሃው ወገን ደህና ነው፤ ችግሩ ማዞሪያው ወይም ኬብሉ ላይ ነው። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው እየዞረ አይደለም። ያኔ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፣ ወይም በአንዳንድ መኪና እንዳለው የውሃ መዝጊያ ካለ እሱ አልተከፈተም። ሁለቱም ለብ ካሉ የኩላንቱን መጠንና ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋውን ዕቃ) ማየት ነው። ማዞሪያሽ በላላበት ቀን ሙቀቱም ስለጠፋ፣ የአንቺው ኬብል ነው ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ቁልፉን አጥፊና የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀይ። ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። ሬዲዮሽ ኮድ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ኮዱን አስቀድመሽ ያዢ። ከዚያ ኤርባጉ የያዘው ኃይል እንዲወርድ የመኪናሽ መጽሐፍ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቂ። ውስጥ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ የተጠቀለለ ሽቦ ካየሽ እሱን አትንኪው። አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ መስመር ነው።

ኪሱን አውርጂ፣ የስልክሽን መብራት አብሪ። ሬዚስተሩ በአብዛኛው በሁለት ትናንሽ ብሎኖች ነው የሚያዘው። ሶኬቱን ስትነቅይ ሽቦውን አትጎትቺ፤ መያዣውን ተጫኝና አካሉን ይዘሽ አውጪ። ከዚያ የሶኬቱን አፍ በደንብ እዪው። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ አንዱ ቀዳዳ ዳር ዳሩ ቀልጦ ካገኘሽው ሬዚስተሩን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። የላላ ሶኬት ይግላል፣ አዲሱንም ይበላዋል። ሁለቱንም ቀይሪ። ሬዚስተሩን ስታወጪው ደግሞ አንዱ ጥምጥም ጠቁሮ ተበጥሶ ልታዪው ትችያለሽ። በዓይን ካልታየ ቴስተር (ኦም የሚለካው መልቲሜትር) ካለሽ በእግሮቹ መሀል ለኪ። ደህናው በጣም ትንሽ ኦም ያሳያል፣ የተበጠሰው ግን ጫፎቹ ምንም ሳይነኩ የሚያሳየውን ነው የሚያሳየው፤ በዲጂታሉ ብዙ ጊዜ «OL» ወይም «1»። ሦስቱም ፍጥነት በአንዴ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ያለው፣ ከመጠን በላይ ሲግል የሚቆርጠው ትንሹ ፊውዝ ነው። እሱን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ የሚመክሩ አሉ። እባክሽ እንዳታደርጊው። እሳት እንዳይነሳ የተቀመጠ ነው።

አዲሱን ከገጠምሽ በኋላ እንጂ በእጅሽ ይዘሽ አትሞክሪው። ሬዚስተሩ የአየሩ መንገድ ውስጥ የሚቀመጠው ነፋሱ እንዲያቀዘቅዘው ነው። ውጭ ይዘሽ ፋኑን ከከፈትሽ እጅሽን ያቃጥልሻል።

አሁን አንዲት ነገር በጣም አደራ እልሻለሁ። «ለምን ተቃጠለ?» ሳትዪ አትዝጊው። ይሄን በራሴ መኪና ነው ያወቅኩት። ሬዚስተሩን ቀየርኩ፣ አራቱም ፍጥነት ሠራ፣ ደስ ብሎኝ ኪሱን መልሼ ገጠምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ያው በሽታ ተመለሰ። ዕቃው ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ፤ እሱም አልቆየም። በመጨረሻ ፋኑን ራሱን ፈትቼ አወረድኩት። ክንፎቹ መሀል የደረቀ ቅጠል ተጠቅጥቋል። በጣቴ ገፋ ባደርገው ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቀጥ አለ። ደህና ፋን በጣት ሲገፋ ጥቂት ዙር በዝምታ ይሄድና ነው የሚቆመው። ፋኑ ሲከብደው ብዙ ኃይል ይስባል፣ ያ ሁሉ ደግሞ የሚያልፈው በሬዚስተሩ ውስጥ ነው። ቅጠሉን ጠረግኩ፣ ኩሽኔታው ግን አልቆ ስለነበር ፋኑን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ሬዚስተር አልቀየርኩም። አንቺም እጅሽ እዚያ ከገባ አይቀር ፋኑን አሽከርክሪው። የአየር ማጣሪያ ካለው እሱንም አውጥተሽ እዪው።

ወደ ላላው ማዞሪያ እንምጣ። የፕላስቲኩን ማዞሪያ ወደ ራስሽ ሳቢና አውጪው። ከውስጥ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ዘንግ ታያለሽ። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልለሽ በፒንሳ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ከከበደሽና ባትሪውን መልሰሽ ሞተሩ ሲሞቅ ሙቀት ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው፣ የተሰነጠቀው ማዞሪያው ነው። ዘንጉም እንደ ማዞሪያው ላላ ካለ ግን ኬብሉ ከአንዱ ጫፍ ወልቋል ማለት ነው።

ይሄ ኬብል እንደ ብስክሌት ፍሬን ኬብል ነው። ውስጡ ሽቦ፣ ውጩ ሽፋን። አንዱ ጫፍ ማዞሪያው ጋ፣ ሌላው ከታች የአየሩን በር፣ ማለትም አየሩን ወደ ሙቁ ወይም ወደ ቀዝቃዛው መንገድ የሚመራውን ክዳን፣ የምታንቀሳቅስ ትንሽ ክንድ ላይ ነው። በሽተኛው ብዙ ጊዜ ሽቦው አይደለም። ሽፋኑን ቆንጥጦ የሚይዘው ክሊፕ ሲለቅ፣ ስታዞሪ ሽቦው በሩን ከመሳብ ይልቅ ሽፋኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ሰው ጋቢና ይቀመጥና ያዙርልሽ፤ አንቺ በመብራት ከታች ተመልከቺ። ሽፋኑ ሲሸሽ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ስትመልሺው ማዞሪያውን እስከ ቀዝቃዛው ጫፍ አዙሪ። ክንዱንም በጣትሽ እስከ ቀዝቃዛው ጫፍ ግፊው። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ እንዳሉ ሽፋኑን ክሊፑ ውስጥ ተጫኝው። ከዚያ ወደ ሙቁ ጫፍ ሲዞር ጆሮሽን ጣል አድርጊ። በሩ ሲዘጋ ስፖንጁ የሚያሰማው ለስላሳ «ድፍ» የሚል ድምፅ አለ። ካልሰማሽው ሽፋኑን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሰሽ ድገሚ። ክሊፑ ተሰብሮ ከሆነ የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቆ ይይዝልሻል፤ ሙጫ ግን አይሆንም፣ ሲሞቅ ይለቃል።

ክንዱን በጣትሽ ስታንቀሳቅሺ ምንም የሚያያዝ ነገር ከሌለውና አየሩ ካልተለወጠ፣ በሩ ራሱ ከውስጥ ተሰብሯል። ያኔ መካኒኩ ልክ ነበር፤ እዚያ ላይ አቁሚ።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሞቂያ ቁልፍ በመጫን የሚሠራ ነው፣ ኬብል የለውም። መኪናውን ባስነሳሁ ቁጥር ከዳሽቦርዱ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል። ሾፌሩ በኩል ሙቅ፣ ተሳፋሪው በኩል ቀዝቃዛ ይነፍሳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእርስዎ መኪና የኬብሉን ሥራ የሚሠራው ትንሽ ሞተር ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። አንዱ ጥርስ ሲሰበር ሞተሩ በሩን ጫፍ ላደርስ እያለ እዚያው ይንሸራተታል፣ ያ ነው የሚሰሙት። ከአንድ በላይ ሞተር ስላለ የቱ እንደሆነ በጆሮ ይለዩ። መጀመሪያ የተሳፋሪውን ሙቀት ብቻ ከፍና ዝቅ ያድርጉ፣ ቀጥሎ የአየሩን አቅጣጫ ብቻ። ድምፁ ከየትኛው ጋር እንደሚመጣ ያስተውሉ። ሞተሩ በጥቂት ብሎን ይፈታል። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በሩን በእጅዎ ያንቀሳቅሱት፤ ከተጣበቀ አዲሱንም ጥርስ ይሰብረዋል። ከተገጠመ በኋላ አንዳንዱ መኪና ጫፎቹን እንደገና እንዲያውቅ መደረግ አለበት፤ አሠራሩ በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ካለ እሱን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ማሞቂያውን ስከፍት ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። መስታወቱ ቅባት በመሰለ ጉም ይሸፈናል፣ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ይረጥባል። መቆጣጠሪያው ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ያቺ ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው። ሽታው የኩላንት ነው። ኩላንት መርዝ ነው፤ ስለሚጣፍጥ ደግሞ ልጆችና እንስሳት ይቀምሱታል። ምንጣፉን አውጥተው ከእነሱ ያርቁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የኩላንቱን መጠን ይዩ፤ ወርዶ ከሆነ እንደዚያው አይንዱት፣ ሞተሩ ግሎ ይበላሻል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ዳሽቦርድ የሚያስወርድ ሥራ ስለሆነ ጋራዥ ያስገቡት።