ድረ ገጽን በልዩ ልዩ ብራውዘርና ስክሪን ስለ መፈተሽ፦ ከደብረ ብርሃን የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን፣ «የሠራሁት ድረ ገጽ በላፕቶፔ ላይ አምሮ ይታየኛል፤ ደንበኞች ግን በስልካችን ተዘበራርቆ ታየን ይሉኛል፤ ሁሉንም ዓይነት ስልክ መግዛት ሊኖርብኝ ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሁሉንም መያዝ አያስፈልግዎትም፣ አይቻልምም። የሚያስፈልገው ገጹን የሚከፍተው ሰው በምን ዓይነት ስልክ፣ በምን ዓይነት ኔትወርክና በምን ዓይነት ዓይን እንደሚያየው አውቆ ፍተሻውን ከዚያ መጀመር ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት ዜሮ ምክንያት ስለሆነ ከእሷ ልነሣ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋቢና የመንዝ ባና ለሚሸጡ አንዲት እናት ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። በክሮምም በፋየርፎክስም አይቼዋለሁ፤ መስኮቱንም አጥብቤ ሞክሬዋለሁ፤ እንከን አላገኘሁበትም። በሳምንቱ ከደብረ ሲና አንድ አዛውንት ደውለው ባና በ240 ብር እንዲቀመጥላቸው አዘዙ። ዋጋው 2400 ነበር። ባለሱቋ «አባባ፣ አንድ ዜሮ ዘለሉ እኮ» ቢሏቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ያነበብኩት የጻፋችሁትን ነው» ብለው ተቀየሙ። ለገበያ ሲመጡ ስልካቸውን ተቀብዬ ገጹን ብከፍተው በእርግጥም «ብር 240» ይላል። ዓይናቸው ስለደከመ የስልኩን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አተልቀውታል፤ እኔ ደግሞ የዋጋውን ዓምድ ስፋት በፒክስል (በስክሪን መለኪያ) ወስኜ ከዚያ የሚተርፈው እንዲደበቅ አድርጌ ነበር። ቁጥር መሐሉ ተሰብሮ ወደሚቀጥለው መስመር ስለማይወርድ የመጨረሻዋ ዜሮ ተደበቀች። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ስለነበር ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ።

መስኮት ማጥበብ ብቻውን ፍተሻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን ማንኛውንም ገጽ ሳላስረክብ በፊት በ320 ፒክስል ስፋት አየዋለሁ፤ ቀጥሎም ጽሑፉን 200 በመቶ አተልቄ እንደገና አየዋለሁ። ሁለቱም ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ውስጥ ያሉ ናቸው። ላፕቶፕዎ ላይ የ1280 ፒክስል መስኮት ከፍተው ገጹን 400 በመቶ ቢያጎሉት የ320 ፒክስል ስክሪን ያህል ስለሚሆን ለዚህ ስልክ እንኳ አያስፈልግዎትም። ከሁሉ አስቀድመው ግን ገጹ የስልኩን ስፋት እንዲከተል የሚያዝዘው የቪውፖርት መስመር በኮዱ ራስጌ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል እንደሚሰፋ ገምቶ አሳንሶ ያሳየዋል፤ እንዲያ ከሆነ የተቀረው ፍተሻ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የብራውዘሩ፣ ማለትም የድረ ገጽ መክፈቻው፣ ጉዳይ ከሚፈሩት ይቀላል። ስማቸው ብዙ ቢሆንም ገጽን የሚያሳየው የውስጥ ኤንጂናቸው በዋናነት ሦስት ነው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና የሳምሰንግ ብራውዘር ብሊንክ በተባለው ይሠራሉ፤ ፋየርፎክስ የራሱ ጌኮ አለው፤ ሳፋሪ ዌብኪት ነው። በእኛ አገር አይፎን ላይ የተጫነ ክሮምም ውስጡ ዌብኪት ስለሆነ በአንድሮይድ ክሮም አይቼዋለሁ ብሎ መተው አይገባም። አይፎን ከሌለዎት ፕሌይራይት የተባለው ነጻ መሣሪያ ዌብኪትን በዊንዶውስም በሊኑክስም ያስኬዳል፤ ቢሆንም ከወዳጅ ለግማሽ ሰዓት እውነተኛውን አይፎን መዋስ ይሻላል። በእሱ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ የመሙያ ሳጥኑ ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ ሰው ሲነካው ገጹ በራሱ ይጎላል፤ ቁመቱን 100 ቪኤች (የስክሪኑን ሙሉ ቁመት) ያደረጉት ክፍል ደግሞ ታችኛው ቁልፉ ከሳፋሪ አሞሌ ሥር ይገባል።

ኦፔራ ሚኒን ለብቻው ይያዙት። ዳታ ለመቆጠብ የሚጠቀምበት ሰው በአካባቢያችን ጥቂት አይደለም። ከፍተኛው የቁጠባ ስልት ሲበራ ገጹ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶና ተጨምቆ ስለሚመጣ ጃቫስክሪፕት (ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) እንደ ልብ አይሠራም፤ የጫኑት ፎንትም (የፊደል ቅርጽ) አይመጣም። ስለዚህ የማዘዣው ቅጽ ያለ ጃቫስክሪፕት እንዲላክ አድርጌ እሠራለሁ፤ ስልክ ቁጥሩንም ሲነካ የሚደውል ተራ ሊንክ አደርገዋለሁ።

አብዛኛው የውጭ ትምህርት የማይነግረን የራሳችን ጣጣ የግዕዝ ፊደል ነው። ፎንት ካልጫኑ ዊንዶውስ በኒያላ ወይም በኤብሪማ፣ አንድሮይድ በኖቶ፣ አፕል በከፋ ያሳይልዎታል፤ የእነዚህ ፊደላት ስፋትና ቁመት አይመሳሰልም፤ ስለዚህ በአንዱ ላይ በአንድ መስመር ያለቀ ርዕስ በሌላው ሁለት መስመር ይይዛል። ቁመቱ በፒክስል የተወሰነ ቁልፍ ላይ «ወደ ቅርጫት ያስገቡ» ብለው ሲጽፉ የታችኛው ቃል ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። ገጽዎን በላቲን የመሙያ ጽሑፍ ፈትሸው በኋላ አማርኛውን አያስገቡ፤ ከመጀመሪያው በረጅሙ የአማርኛ ቃል ይፈትሹት። ፎንት የሚጭኑ ከሆነ ደግሞ እስኪወርድ ድረስ የስልኩ ፎንት እንዲታይ ያዝዙ፤ ይህ ትእዛዝ ከሌለ ብራውዘሮች ጽሑፉን እስከ ሦስት ሰከንድ ድረስ ደብቀው ስለሚጠብቁ ኔትወርክ ሲደክም ገጹ ባዶ ይመስላል። ብራውዘሩ የሚያወጣው የቀን መምረጫም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ሠርግ ያለበት ሰው ቀን እንዲሞላ ሲፈልጉ ጳጉሜንን የያዘ የራስዎን የወር ዝርዝር ያዘጋጁ።

ስለ መሣሪያ፣ በክሮም የገንቢ መሣሪያ (ገጽ ሠሪዎች ኮዱን በሚመረምሩበት የክሮም ክፍል) ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤም ሲጫኑ የሚመጣው የስልክ መልክ መጠኑን እንጂ የስልኩን ኤንጂንና ዐቅም አያሳይም። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ የመጨረሻ ፍርድ ግን አልሰጥበትም። ለፍርዱ ስክሪኑ ትንሽ የሆነ አንድ ያገለገለ አንድሮይድ ይግዙ፤ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው የስልኩን ገጽ በክሮም የገንቢ መሣሪያ መመርመር ይችላሉ።

ከደንበኞችዎ አንዱ «ተበላሽቶ ታየኝ» ሲልዎት ደግሞ ወዲያው ኮድ አይክፈቱ። የስክሪኑን ፎቶ፣ የስልኩን ሞዴል፣ የከፈተበትን ብራውዘር፣ ጽሑፉን አተልቆት እንደሆነም ይጠይቁት፤ ይህን የመጨረሻውን ማንም በራሱ አይነግርዎትም።