ከፊት አንድ ብራንድ ከኋላ ሌላ ብራንድ፦ ስለ ሞተር ጎማ ጥያቄና መልስ

ሰላም ሞተረኞች። ሀዋሳ ውስጥ ሞተር ስጠግንና ጎማ ስቀይር 12 ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ ማለት ይቻላል የምጠየቀው ነገር የፊቱና የኋላው ጎማ ብራንድ ካልተመሳሰለ ችግር አለው ወይ የሚል ነው። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁኝ፣ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቦክሰር ሞተር አለኝ፣ የኋላው ጎማ ብራንዱ ኤምአርኤፍ ነው፣ የፊቱ ሲያት። አንድ ጓደኛዬ ይሄ አንድ ቀን ይጥልሃል ብሎ አስፈራራኝ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ በዚህ ምክንያት አይጥልህም ወንድሜ። ይሄ ወሬ ከመኪና የመጣ ይመስለኛል፣ መኪና ላይ የግራና የቀኙ ጎማ ከተለያየ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይስብሃል። ሞተር ላይ ግን ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ነው ያለው፣ ስራቸውም ለየቅል ነው፣ የፊቱ ይመራል ፍሬን ስትይዝም ክብደቱ ወደሱ ስለሚመጣ አብዛኛውን የማቆም ስራ እሱ ነው የሚሰራው፣ የኋላው ደግሞ ይገፋል። ፋብሪካው ራሱ ሁለቱን በተለያየ ጥርስና ቅርጽ ነው የሚሰራቸው። አምራቾች ጥንዱን ከአንድ ሞዴል ግዙ የሚሉት አብረው ስለሚፈትሿቸው ነው፣ በትልቅና በፈጣን ሞተር ኩርባ ላይ ልዩነቱ ይሰማል። አንተ በ50 በ60 ከተማ ውስጥ ለምትነዳው ግን ከስሙ በፊት ልኩን፣ አሰራሩን፣ ዕድሜውን፣ የቀረውን ጥርስና ንፋሱን እይ።

ጥያቄ፦ አሰራሩ ስትል ምን ማለትህ ነው?

መልስ፦ ራዲያልና ባያስ የሚባለውን ነው። ጎማው ጎን ላይ ልኩ 100/80-17 ተብሎ በሰረዝ ከተጻፈ ባያስ ነው፣ ውስጡ ያለው ክር በሰያፍ ተጠላልፎ የተሰራ ማለት ነው። በሰረዙ ቦታ አር የሚለው ፊደል ካለ ራዲያል ነው፣ ክሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ጎኑ ለስለስ ይላል ሙቀትም ቶሎ ይለቃል። ሁለቱ ጭነት ሲመጣባቸው የሚተጣጠፉበት መንገድ አንድ አይደለም። ከፊት ራዲያል አድርጎ ከኋላ ባያስ ማድረግ በፍጹም አልመክርም። የተገላቢጦሹ፣ ማለት ከፊት ባያስ ከኋላ ራዲያል፣ ከፋብሪካ የሚመጣባቸው ሞተሮች አሉ፣ ያማሃ አር 15 ቨርዥን 3 እንደዛ ነው። ማኑዋሉ ካልፈቀደ ግን እናንተ አትፍጠሩት። ብራንድ ቀላቀልክ ብሎ የሚጮህ ሰው ይሄን ሳያይ ማለፉ ነው ሁሌ የሚገርመኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ብር ያለኝ ለአንድ ጎማ ብቻ ነው። ሁለቱም አርጅተዋል። የቱን ልቀይር? ሁሉም ሰው የኋላውን ነው የሚለኝ።

መልስ፦ ሁለቱም እኩል ካለቁ የፊቱን ቀይር። የኋላው ቶሎ ስለሚበላ ሰው ሁሉ አዲስ ጎማ ለኋላው ይገዛል የፊቱ ግን አምስትና ስድስት ዓመት ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ጥርሱ ስላለ ደህና ይመስላል እንጂ ላስቲኩ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። የኋላው ቢንሸራተት ሞተሯ ጭራዋን ወዝወዝ ታደርጋለች፣ ነዳጁን ቀስ ብለህ ስትቀንስ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። የፊቱ ከሄደ ግን መመለሻ የለውም። ከ6 ዓመት በፊት በራሴ ላይ ደርሷል፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ኮብልስቶን ላይ በ30 እየሄድኩ የፊቱን ፍሬን ነካ ሳደርገው መሬት ላይ ነበርኩ፣ ትከሻዬ ወልቆ ሁለት ወር ስራ አልሰራሁም። የኋላው ጎማዬ ያኔ የሳምንት አዲስ ነበር። ስለዚህ እባክህ የፊቱን አትናቅ። የኋላው ሊሾ ሆኖ ክር ማሳየት ከጀመረ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ሁለቱም እስኪቀየሩ ሞተሯን አቁማት።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጎማ ልገዛ ልሄድ ነው፣ ምን ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ የተመረተበትን ቀን። ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ ሳጥን ውስጥ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ ነው የተሰራው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሳ። ፕላስቲኩ ስላልተቀደደ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ከዛ ልኩን ከሞተርህ ጋር አመሳክር። ቀጥሎ የጭነት ቁጥሩ አለ፣ ለምሳሌ 57 ማለት ጎማው 230 ኪሎ ይችላል ነው፣ ከጎኑ ያለው ፒ ፊደል ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ሰው ወይም ጆንያ የምትጭን ከሆነ የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ካነሰ አትግዛ፣ ብራንዱ የፈለገውን ያህል ታዋቂ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ከጅማ ነኝ። ገጠር ስለምገባ ከኋላ ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ አድርጌ ከፊት የአስፋልት ብተወውስ?

መልስ፦ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ እኔ ግን አልወደውም። ጭቃ ውስጥ የኋላው ሲገፋህ የፊቱ መሪውን አይሰማም፣ ወደፈለገው ይሄዳል። አንዱን ብቻ የምታደርግ ከሆነ የጭቃውን ከፊት አድርግና ከኋላ መካከለኛ ጥርስ ያለው ይሁን። ሆኖም እርጥብ አስፋልት ላይ ስትወጣ ትልልቅ ጥርስ መሬት የሚነካው በጥቂቱ ስለሆነ ፍሬንህን ቀደም ብለህ ጀምር።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነው ያለሁት፣ ስኩተሬ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) አለው። የፊቱና የኋላው ብራንድ ቢለያይ ኤቢኤሱን ያሳስተዋል?

መልስ፦ ብራንዱ አያሳስተውም፣ ልኩ ነው የሚያሳስተው። ኤቢኤስ የሁለቱን ጎማ የአዟዟር ፍጥነት ነው የሚያነጻጽረው፣ ቁመቱ የተለየ ጎማ ካደረግክ ስሌቱ ይዛባል። በሊብሬው ላይ ካለው ልክ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ሰመራ እመላለሳለሁ። ቆላ ስወርድ ንፋስ ልቀንስ?

መልስ፦ አትቀንስ! ብዙ ሰው ሙቀት ስለሆነ ይፈነዳል ብሎ ያስተነፍሳል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሰመራ 500 እንኳን አትሞላም። ስትወርድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር የንፋስ መለኪያው ጌጅ ወደ 3 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ቀንሶ ያሳይሃል፣ በሌላ በኩል ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር እሱም ወደ 3 ይጨምራል፣ ስለዚህ ይቻቻላሉ። አስተንፍሰህ ጭነህ ስትነዳ ነው ጎማው የሚሞቀውና የሚጎዳው። ጠዋት ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ማኑዋሉ በሚለው ልክ ሙላ፣ ሰው ስትጭን የኋላውን እዛው ላይ የተጻፈውን ያህል ጨምር።

ጥያቄ፦ የፊቱ ቲዩብለስ (ካለመዳሪ የሌለው) የኋላው ባለ ካለመዳሪ ቢሆንስ?

መልስ፦ ቸርኬው ይወስናል። የሽቦ ቸርኬ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ካለመዳሪ የግድ ነው። ከፊትና ከኋላ መለያየቱ በራሱ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ትናንት አዲስ የኋላ ጎማ አስገጥሜ ከጎሚስታው ቤት ወጥቼ ስታጠፍ ሸርተት አለችኝ። የቀላቀልኩት ብራንድ ነው ምክንያቱ?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። አዲስ ጎማ ላዩ ልስልስ ነው፣ ሲገጠም የሚቀባው ሳሙናም ላዩ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀስታ ንጂ፣ ኩርባ ላይ ብዙ አትጋደሚ፣ ፍሬንም በድንገት አትያዢ። ደግሞ የፊቱ ያረጀ ከሆነ ጥቂት ቀን መሪው ይከብድሻል ወይም ይቀልሻል፣ እጅሽ እስኪለምደው ነው። ከ150 በኋላም መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ጎማው ጠርዙ በደንብ ቸርኬው ላይ መቀመጡን አሳዪ፣ ጎኑ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ዙሪያውን ከቸርኬው እኩል መራቅ አለባት።

ጥያቄ፦ የፊቱ ጥርሱ ብዙ ስለቀረው አውጥቼ ለኋላ ላድርገው አስቤ ነበር።

መልስ፦ ይቅር። የፊቱ ለዛ ጭነት አልተሰራም፣ ብዙ ጊዜ ጠባብም ነው። ቀስቷንም አይተህ ይሆናል፣ አንዳንዱ ጎማ ላይ ለፊት አንድ ቀስት ለኋላ ሌላ ቀስት በተቃራኒ አቅጣጫ ተስሎበታል፣ የፊቱ ፍሬን ሲይዝ የኋላው ሲገፋ ኃይሉ የሚመጣበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው። ቀስቱ አንድ ብቻ ሆኖ ለፊት ከተባለ እዛው ፊት እስኪያልቅ ይስራ።