ልጄ፣ በኋላ ማን ያወጣዋል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከሸዋ ሮቢት በኩል ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅተው ኩሬ ቆፍረዋል፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አስገብተዋል። አሁን አምባዛ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ገብቶባቸው የቆሮሶውን ጫጩት እየጨረሰባቸው ነው። "ጋሼ፣ አንድ ጆንያ ብርብራ አግኝተናል። ፍሬውን ወቅጠን አምባዛውን ለመግደል ብንበትንበትስ?" አለኝ።

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። "ሄሎ፣ ጋሼ፣ ይሰማል?" ይለኛል። ይሰማል። ግን እኔ በዚያች ሰዓት ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ አልነበርኩም። ግንቦት 1990 ዓ.ም.፣ ቀወት ቆላ ውስጥ አንድ ግድብ ዳር ቆሜ ነበር።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ እንኳ በደንብ አልነገርኳቸውም። ኩሬና ግድብ ላይ ለምትሠሩ ወጣቶች ግን ልንገራችሁ።

ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ግድቧ ትንሽ የአፈር ግድብ ናት፤ ለመስኖና ለከብት ውሃ የተሠራች። ቆሮሶ አስገብተንባት ነበር። የቆሮሶን ጠባይ ታውቃላችሁ። ቶሎ ይራባል፣ ሲበዛ ምግብ ይሻማል፣ ከዚያ ዕድገቱ ይቆማል። በሁለት ዓመት ውሃው ጣት በሚያህል ዓሣ ተሞላ። መረብ ስንጥል የሚወጣው ለመጥበስ የማይበቃ ነው። የተማርኩት መጽሐፍ መፍትሔ ነበረው፦ አዳኝ ዓሣ ጨምርበት፣ ትርፉን ጫጩት ይበላልሃል።

በ1987 ዓ.ም. ከወንዝ 40 አምባዛ አስጠመድኩ። በበርሜል ጭነን በፒክአፕ አመጣናቸው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ውሃው ሞቋል። አንድም አልሞተም። በዚህ ኮርቼ ነበር። አምባዛ ውሃው ሲበላሽበት አፉን አውጥቶ አየር የሚጎርስ ዓሣ ነው። እንዲህ በቀላሉ የማይሞትን ነገር ወደማልቆጣጠረው ውሃ እያስገባሁ እንደሆነ አላሰብኩም።

የግድቡ ጠባቂ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዱላቸውን ተደግፈው በርሜሉ ላይ ጎንበስ አሉ። ጢሙን አዩት፣ ቅርፊት የሌለውን ልሙጥ ቆዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ልጄ፣ ይሄን እኛ አገር ሰው አይበላውም። በኋላ ማን ያወጣዋል?" አሉኝ።

"እናጠምደዋለን አባባ፣ አያስቡ" አልኳቸው። ፊታቸውን እንኳ አላየሁም፤ በርሜሉን እያስገለበጥኩ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት አማረ። ቆሮሶው ሳሳ፣ የቀረው መዳፍ አከለ። እረኞቹ ግድቡ ዳር እሳት አንድደው እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ በኋላ አዛውንቱ ያሉት ደረሰ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም የሚለውን የኦሪት ሕግ አካባቢው ይጠብቃል፤ አምባዛ መረብ ውስጥ ሲገኝ መልሰው ይጥሉታል። ሰው ቆሮሶውን ይለቅማል፣ አምባዛውም ቆሮሶውን ይለቅማል። አምባዛውን ግን የሚነካው የለም።

በሦስተኛው ዓመት ክንድ የሚያህል ሆነ። የቆሮሶ ጫጩት ከመረብ ጠፋ። ማታ ማታ ጆሮ የሚያደነቁረው የእንቁራሪት ጩኸትም ጠፋ። እሱን መጀመሪያ ያስተዋሉት አዛውንቱ ናቸው። "ውሃው ዝም አለ" አሉኝ።

እኔ ደነገጥኩ። ከአለቆቼ በፊት ላስተካክለው ፈለግኩ። ሁለት ጆንያ ብርብራ አስለቅሜ አስወቀጥኩ። ብርብራ በልጅነቴ የምወደው ዛፍ ነበር። ፍሬው ሲደርቅ ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ታናሽ እህቴ በደነገጠች ቁጥር እንስቅ ነበር። ከዚያ ግንቦት ወዲህ ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴን ያመኛል።

ጠዋት በተንነው። ውሃው ላይ ነጣ ያለ አረፋ ተንሳፈፈ። ብዙም ሳይቆይ ቆሮሶዎቹ ወደ ላይ መጡ። በጎናቸው ይዞራሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ከዚያ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ዳርቻው ነጭ ነበር። አምባዛውስ? ብቅ ይላል፣ አየር ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይጠልቃል። ዓይኔ እያየ። እስከ ማታ ሞቶ ያገኘነው አምባዛ 4 ነው።

ብርብራ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። በስንጥቡ፣ ማለትም በዓሣው መተንፈሻ በኩል ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅኑን እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ ዓሣው ይታፈናል። አየር የሚጎርሰው አምባዛ ከቆሮሶ ይልቅ ይቋቋመዋል። ጠላቴን ትቼ ልከላከልለት የመጣሁትን ጨረስኩት ማለት ነው።

የመስኖ ቦዩን አላስዘጋሁም ነበር። መርዙ ወደ ታች ወረደ። ጅረቱ ውስጥ ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው፣ አብረው አለቁ። አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው ቆመው ያዩኛል። "ይቀዳል ወይስ አይቀዳም?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አዛውንቱ ምንም አላሉም። ቅርጫት አምጥተው የሞተውን እየለቀሙ፣ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ሄጄ "አባባ፣ ልክ ነበሩ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዝውውር ጠይቄ ሄድኩ። ስመለስ አርፈዋል።

ክረምቱ ሲገባ አምባዛው በዝናብ በረጠበው ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ጅረቱ ሲወርድ እረኞች እንዳዩት በኋላ ሰማሁ። ያደርገዋል፤ እርጥበት ካገኘ በየብስ ይሄዳል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴቪስ የሚባል ሐይቅ አለ። ፓይክ የሚባል ጥርሳም ዓሣ ሰው አስገብቶበት እ.ኤ.አ. በ1997 በዚያው በሮቴኖን መረዙት። ሐይቁ የአቅራቢያው ከተማ የመጠጥ ውሃ ስለነበር ሕዝቡ ተቆጣ። በ1999 ፓይኩ ተመልሶ ተገኘ። ለዓመታት በመረብ፣ በኤሌክትሪክ፣ በፈንጂ ሳይቀር ታገሉት። በመጨረሻ በ2007 የሐይቁን ውሃ አጉድለው እንደገና መረዙት፤ ያኔ ተሳካ። ያን ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ይዘው አሥር ዓመት ፈጀባቸው። እኔ ሁለት ጆንያ ይዤ በአንድ ጠዋት ልጨርስ ነበር።

"አምባዛ እኮ የአገራችን ዓሣ ነው፣ እንዴት ወራሪ ይባላል?" የሚሉኝ አሉ። ወራሪነት በፓስፖርት አይደለም። ነጭ ዓሣ፣ ናይል ፐርች የምንለው፣ ጫሞ ላይ ቤቱ ነው። ያንኑ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲያስገቡት ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶ የሚቆጠሩ የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች ጠፉ። ሥጋው ቅባታም ስለሆነ እንደ ትንንሾቹ በፀሐይ አይደርቅም፤ በጭስ ለማድረቅ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ ዛፍ ተቆረጠ። ኋላ ላይ ነጭ ዓሣው በብዛት ሲጠመድ ከተረፉት ትንንሾች አንዳንዶቹ አንሰራሩ። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ አዳኝ ዓሣን የሚቀንሰው ሳይሰለቹ ማጥመድ መሆኑን ነው። ለማጥመድ ደግሞ የሚበላው ሰው ያስፈልጋል። አዛውንቱ ሳይማሩ ያወቁት ይህንን ነው።

እናንተ ፈጣን ናችሁ። ቴሌግራም ላይ ጠይቃችሁ ማታውኑ መልስ ትፈልጋላችሁ፣ ካልመጣ የራሳችሁን ታደርጋላችሁ። አንዳንዴ ያበሳጨኛል። ውሃ እንዲህ አይቸኩልም። ግን ይሄ ልጅ ደውሎ ጠየቀ። እኔ በእሱ ዕድሜ የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ቆሞ አልሰማሁም። ስለዚህ ስለ ወጣት ብዙ ባልናገር ይሻላል።

አምባዛና ቆሮሶን አብራችሁ አታርቡ እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ዛሬም ጓሮዬ ኩሬ ቢኖረኝ አደርገው ነበር፤ ደብረ ብርሃን ብርዱ አይፈቅድም እንጂ። ልዩነቱ ኩሬን ታደርቀዋለህ። ግድብን፣ ወንዝን፣ ሐይቅን አታደርቀውም። ማድረቅ ወደማትችለው ውሃ ማውጣት የማትችለውን አታስገባ። እኔ ያለኝ ምክር ይሄ ነው።

ለልጁ ያልኩትን ልጨርስ። ኩሬያችሁ ትንሽ ነው፣ ዕድለኞች ናችሁ። ቆሮሶውን በመረብ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አቆዩት። ውሃውን አፍስሱ፣ ግን መውጫው ላይ ጠንካራ ወንፊት ይኑር፣ አንድም አምባዛ ወደ ጅረት እንዳይወርድ። ጭቃው ውስጥ ይደበቃልና በእጅ ፈልጉት። ኩሬው ፀሐይ ይምታው፣ መሬቱ እስኪሰነጠቅ። የማይደርቅ ጥግ ካለ ኖራ ይደረግበት። መግቢያው ላይም ወንፊት። ከክረምት በፊት ይጠናቀቅ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አምባዛ ለመራባት ይንቀሳቀሳል። የያዛችሁትን አትጣሉ፣ አዲስ አበባ ገዢ አለው።

"ብርብራውስ ጋሼ?" አለኝ።

መርዝ ውሃ ውስጥ መበተን በሕግም ክልክል መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ግድቡን፣ አዛውንቱን፣ ቅርጫቱን ነገርኩት። እሱም እንደ እኔ ዝም አለ። ቅዳሜ እወርዳለሁ ብዬዋለሁ። መረብ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንገባለን። እስከዚያ ጆንያው እንዳይፈታ።