ጥያቄና መልስ፦ የአቃቂ ውኃ እና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

ሰሞኑን ከአቃቂ፣ ከቃሊቲና ከገላን አካባቢ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ወደ አቃቂ ወንዝ በሚወርደው ፍሳሽ ውስጥ የሚገኙትን፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች የሚመለከቱ ስለሆኑ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

በወንዙ ውኃ የለማ ጎመንና ሰላጣ ከጉልት እገዛለሁ። መድኃኒት ያልበገረውን ባክቴሪያ እሳት ይገድለዋል?

ይገድለዋል። ባክቴሪያው የተላመደው መድኃኒቱን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ ስለዚህ በሚገባ የበሰለ ጎመንም ሆነ ቆስጣ በዚህ በኩል አያሰጋም። እኔን የሚያሳስበኝ በጥሬው የሚበላው ሰላጣ ነው። በሎሚ ወይም በአቼቶ መዘፍዘፍ የጀርሙን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በወንዙ ዳር መብቀሉን የሚያውቁትን ሰላጣ ለሕፃናትና ለታመመ ሰው በጥሬው ባይሰጡ ይመረጣል፤ ያልታጠበ ጎመን የከተፉበትን ቢላዋና መክተፊያም ለሌላ ምግብ ከመጠቀምዎ በፊት በሳሙና ይጠቡት።

መድኃኒቱን የምንውጠው እኛ ሆነን ሳለ በፍሳሹ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንዴት ሊላመደው ቻለ?

የምንውጠው መድኃኒት ሁሉ በሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። አሞክሳሲሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በአፍ ሲወሰድ 60 በመቶ የሚሆነው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሳይለወጥ ከሽንት ጋር ይወጣል። ያ ሽንት ከሞላ ጉድጓድ አፈትልኮም ሆነ በቦይ ወርዶ ትንሹን ወይም ትልቁን አቃቂ ይቀላቀልና ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይጓዛል፤ በመንገዱም ከሕክምና ተቋማት፣ ከቄራና ከዶሮ እርባታ የሚወጣ ፍሳሽ ይጨመርበታል። እንዲህ በስሱ የተበተነ መድኃኒት ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋና የሚቋቋሙትን ብቻ ለይቶ እንዲራቡ ያደርጋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አለ። ባክቴሪያዎች የመቋቋም ችሎታ የሰፈረበትን፣ ፕላዝሚድ የሚባለውን ቁራጭ ዘረመል ከዝርያቸው ውጭ ለሆነ ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላሉ፤ በመሆኑም በራሱ ጉዳት የማያደርስ የአንጀት ባክቴሪያ ችሎታውን በሽታ ለሚያመጣ ሌላ ባክቴሪያ ሊያወርሰው ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ሳቢያ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ቁጥሩን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ ጉዳዩ ነገ የሚመጣ ሳይሆን ዛሬ ያለ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ይህን አያስቀረውም?

ባክቴሪያውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የተለመደው ማጣሪያ የተሠራው መድኃኒትንና ዘረመልን ለማስወገድ ታስቦ አይደለም። በዝቃጩ ውስጥም ብዙ ስለሚቀር፣ ዝቃጩን ሳይብላላ በማሳ ላይ መበተን ተገቢ አይደለም።

በወንዙ ዳር አትክልት አለማለሁ። ሰዉ እንደ ጥፋተኛ ያየኛል፤ ምን ላድርግ?

ፍሳሹን ወደ ወንዝ የለቀቀው ከላይ ያለው ከተማ ሆኖ ሳለ ከታች ያለውን ገበሬ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ጉዳቱን መቀነስ በእጅዎ ነው። ውኃውን በቅጠሉ ላይ ከመርጨት ይልቅ በቦይ ወደ ሥሩ ይልቀቁት፤ ከመልቀምዎ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ማጠጣቱን ቢያቆሙ ፀሐይና ድርቀት በቅጠሉ ላይ ያለውን ባክቴሪያ አብዛኛውን ይገድሉታል። የተለቀመውን በዚያው በወንዙ ውኃ አይጠቡት። በማሳው ውስጥ ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ቁስል ካለብዎም ይሸፍኑት።

ሲሻለኝ ያቆምኩት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተርፎኛል። ሽንት ቤት ልጣለው?

አይጣሉት፤ መድረሻው ያው ወንዝ ነው። ለጎረቤትም አይስጡ። ወደ ገዙበት ፋርማሲ ወስደው በምን መንገድ እንደሚወገድ ይጠይቁ፤ ያቋረጡትን ሕክምና በተመለከተም ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ።