መልስ፦ ቡሙ ለተሰነጠቀብህ

ሐይቅ ላይ ያለችው አሮጌ የሸራ ጀልባህ የአሉሚኒየም ቡሟ (የሸራውን ግርጌ የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ) ወደ ታች የሚስበው ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ላስበይደው ወይ ብለሃል። አታስበይደው። የብየዳው ሙቀት ዙሪያውን ያለውን አሉሚኒየም ያለሰልሰዋል፤ ቀጥሎ የሚሰበረው እዚያው ጎን ነው።

ስንጥቁ አጭር ከሆነ፦

1. ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፤ መሄዱን ያቆማል።
2. ቡሙ ውስጥ ልክክ የሚል የአሉሚኒየም ቱቦ ክተት። ከስንጥቁ ወዲህም ወዲያም የቡሙን ዲያሜትር 3 እጥፍ ያህል ይለፍ።
3. በአሉሚኒየም ሪቬት ያዘው። ሪቬቶቹን በአንድ መስመር አትደርድር፤ እንደ ደረሰኝ ይቀደድልሃል።

ቡሙ ከተጣመመ ግን ቀይረው፣ ጥገናው አያዋጣም። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቱቦ ስትፈልግ የመስኮት ፍሬም እንዳይሸጡልህ፤ ስስ ነው። ካጣህ አብሽር፣ ጉጥ የሌለው ቀጥ ያለ ጥድም ለቡም ይሆናል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል።

አንድ ነገር ብቻ፦ የማይዝግ ብረት ቡሎን አሉሚኒየሙን በቀጥታ እንዳይነካ። የሐይቅ ውኃ እንደ ባሕር ጨው ባይሆንም፣ ርጥበት ካለ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። እኔ የፕላስቲክ ዋሸር ጣል አደርግበታለሁ። የድሮው ቡሎን አልፈታ ካለህም አትታገለው፤ ናፍጣ አርከፍክፈህበት አሳድረው።